ተህዋስያንን የከሰሰ ኮምፒዩተር

በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች የምሳ ሰዓት ወሬ ውስጥ ከኑሮ ውድነትና ከትራንስፖርት ቀጥሎ የሚነሳው ርዕስ ጨጓራ ይመስለኛል፡፡ አንዱ "ባክቴሪያው አለብህ ተብያለሁ" ሲል ሌላው "እኔማ ሁለተኛ ዙር ኪኒን ጀመርኩ" ይላል፡፡ ኤች ፓይሎሪ የሚለው ስም ዱሮ የሐኪሞች ብቻ ነበር፤ ዛሬ የጥበቃ ሠራተኛውም የዋና ሥራ አስኪያጁም ቃል ሆኗል፡፡

እኔም ተራዬ ደርሶ ስሙን አልጠራም ያልኩት አንድ ክሊኒክ ገባሁ፡፡ ጣቴን ወጉኝ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ፣ "ፖዘቲቭ" የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፡፡ ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያና አንድ የአሲድ መቀነሻ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ14 ቀን፡፡ አፌ ብረት ብረት እያለኝ ጨረስኩት፡፡ በኋላ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ የሆነ ሐኪም ቡና እየጠጣን ሳለ "ለመሆኑ በምን መረመሩህ?" አለኝ፡፡ በደም አልኩት፡፡ "የደሙ ምርመራ የሚናገረው ሰውነትህ ባክቴሪያውን አንድ ቀን ያውቀው እንደነበር ነው፡፡ ዛሬ ሆድህ ውስጥ ስለመኖሩ ግን አይናገርም" ሲለኝ ደነገጥኩ፡፡ በሕግ ቋንቋ ስናገረው፣ ተከሳሹ ከአሥር ዓመት በፊት በሰፈሩ ታይቷል በሚል የምስክር ቃል ብቻ ዛሬ ለተፈጸመ ስርቆት ተፈርዶበታል ማለት ነው፡፡

ይህን ያነሳሁት ስለ ጨጓራዬ ላወራ አይደለም፡፡ ሰሞኑን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (አብዛኛው ሰው "ኤአይ" እያለ የሚጠራው) የማይወራበት ስብሰባ የለም፡፡ ወደ ጤናው ዘርፍ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ደግሞ በሰው አካል ውስጥና ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ተህዋስያን ከየትኛው በሽታ ጋር እንደሚዛመዱ ኮምፒዩተር እንዲተነብይ ማድረግ ነው፡፡ የባዮሎጂ ሰው አይደለሁም፡፡ ነገር ግን ጥያቄው ከሥር ከመሠረቱ የማስረጃ ጥያቄ ስለሆነ የሕግ ሰውም የሚለው አያጣም፡፡ ማን ተከሰሰ? በምን ማስረጃ? የማስረዳት ሸክሙስ የማን ነው?

መጀመሪያ በድሮው መንገድ አንድን ባክቴሪያ ጥፋተኛ ማድረግ ምን ያህል ይፈጅ እንደነበር እንመልከት (ወደኋላ ከምጠቅሰው አዋጅ በቀር ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፡፡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሙ ሁሉ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ይመጣል ይል ነበር፤ እኛም ዘንድ ጥፋቱ የበርበሬና የሐሳብ ነበር፡፡ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች "የለም፣ ባክቴሪያ ነው" ሲሉ የሚሰማቸው አጡ፡፡ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን አራብቶ ራሱ ጠጣው፡፡ በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፤ ጨጓራውም ተቆጥቶ ተገኘ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ይህንኑ ባክቴሪያ ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው፡፡ ሁለቱ ሰዎች የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በ2005 ነው፡፡ እንግዲህ አንድ ባክቴሪያ፣ ሁለት ሐኪሞች፣ ከሃያ ዓመት በላይ፡፡

ችግሩ ተከሳሾቹ አንድና ሁለት አለመሆናቸው ነው፡፡ በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ስሌት መሠረት በአንድ 70 ኪሎ በሚመዝን ወንድ ሰውነት ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፡፡ ከራሱ ከሰውየው ህዋሳት (ወደ 30 ትሪሊዮን) ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው፡፡ "ባክቴሪያው ከሰው ህዋስ አሥር እጥፍ ይበልጣል" የሚለውና ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው አባባል በዚህ ስሌት ፈርሷል፡፡ ዝርያዎቹ ደግሞ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፡፡ አብዛኞቹ ጎረቤቶች እንጂ ጠላቶች አይደሉም፤ ምግብ ያላማሉ፣ ቫይታሚን ያመርታሉ፣ ክፉውን ባክቴሪያ ቦታ ይነፍጉታል፡፡ ለእያንዳንዳቸው አንድ ማርሻል ፈልጎ ማጠጣት አይቻልም፡፡ ኮምፒዩተሩ የተጠራው ለዚህ ነው፡፡

አሠራሩን በቀላሉ ለማስረዳት ልሞክር፡፡ በቻይና የተዘጋጀ አንድ የመረጃ ቋት አለ፡፡ አዘጋጆቹ 61 የታተሙ ጥናቶችን አገላብጠው "ይህ ተህዋስ ከዚህ በሽታ ጋር ተገናኝቶ ተገኝቷል" የሚሉ 483 መዝገቦችን ለቀሙ፡፡ ድግግሞሹ ሲወጣ 450 ቀሩ፡፡ በአንድ በኩል 39 በሽታዎች፣ በሌላ በኩል 292 ተህዋስያን ያሉበት ትልቅ ሰንጠረዥ አድርገው ይዩት፡፡ ሰንጠረዡ 11,388 ሳጥኖች አሉት፡፡ ምልክት ያለባቸው 450ዎቹ ብቻ ናቸው፤ ከመቶ አራት ያህል ማለት ነው፡፡ የኮምፒዩተሩ ሥራ ከቀሩት ባዶ ሳጥኖች ውስጥ ምልክት ሊደረግባቸው የሚገባቸው የትኞቹ እንደሆኑ መገመት ነው፡፡

በ2017 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ግምቱን የሚሰጠው በዝምድና ነው፡፡ ሁለት ተህዋስያን በተመሳሳይ በሽታዎች ስማቸው ከተነሳ "ይመሳሰላሉ" ይባላሉ፤ አንዱ ከአስም ጋር ከተገናኘ ሌላውም ይጠረጠራል፡፡ ስሌቱን ያበጀው ሊዮ ካትዝ የተባለ ሰው ሲሆን በ1953 ያቀረበው በሰዎች ማኅበራዊ መረብ ውስጥ ማን የበለጠ ተሰሚነት እንዳለው ለመለካት ነበር፡፡ ማን ማንን ያውቃል፣ በስንት ሰው በኩል ይደርሳል የሚለውን ይቆጥራል፡፡ አገራችን ውስጥ ይህን ጥበብ ያለ ኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች ሞልተዋል!

ሕግ ተማሪ ሳለን ስድስት ኪሎ ከሰማናቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ሰው የሚጠየቀው በሥራው እንጂ በጓደኛው አይደለም የሚል ነው፡፡ ይህ ስሌት ግን ከነመሠረቱ በጓደኛ መጠርጠር ነው፡፡ ለፍርድ ሳይሆን ለምርመራ መነሻ ከሆነ አልቃወምም፤ ፖሊስም ምርመራውን ከሆነ ቦታ መጀመር አለበት፡፡ ሞዴሉም በራሱ ፈተና ደህና ውጤት አምጥቷል፤ 0.83 ገደማ፡፡ ይህ ቁጥር "ከመቶ 83 ትክክል ነው" ማለት አይደለም፤ ጋዜጦቻችን ብዙ ጊዜ እንዲያ ብለው ይጽፉታል፡፡ ትርጉሙ አንድ የታወቀ ግንኙነትና አንድ ባዶ ሳጥን በዘፈቀደ አንስተን ብናስመርጠው ከመቶው 83 ጊዜ ያህል የታወቀውን አስበልጦ ያስቀምጣል ማለት ነው፡፡ ከላይ እንዳልኩት ግን ባዶው ሳጥን ከመቶ 96 ያህል ነው፡፡ በዚያ ሁሉ ገለባ መሐል ጥቂት ፍሬ ሲፈለግ፣ 0.83 ያመጣ ወንፊት እንኳን ብዙ ገለባ አብሮ ያሳልፋል፡፡

ሌላም አለ፡፡ ባዶ ሳጥን "ግንኙነት የለም" ማለት ሳይሆን "ማንም አላጠናውም" ማለት ሊሆን ይችላል፡፡ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው በሽታዎች ብዙ ምልክት አላቸው፤ ስለዚህ ሞዴሉ ለእነሱ ተጨማሪ ምልክት ይተነብያል፡፡ ቀድሞ የፖሊስ መዝገብ ያለው ሰው ሰፈር ውስጥ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር እንደሚጠራው ማለት ነው፡፡ በዚያ ላይ የመረጃ ቋቱ ተህዋሱ በበሽተኞቹ ላይ ጨምሮ ይሁን ቀንሶ የተገኘው ለይቶ መዝግቦ ሳለ፣ ቀደምቶቹ ሞዴሎች ሁለቱንም "ግንኙነት" ብለው አንድ አድርገዋቸዋል፡፡ ሌባውንና ሌባ የጮኸውን በአንድ ገመድ ማሰር ይሏል ይህ ነው፡፡ ከ2017 ወዲህ እጅግ የረቀቁ ሞዴሎች በላይ በላዩ ታትመዋል፤ ብዙዎቹ ግን የተፈተኑት በዚያችው ትንሽ ሰንጠረዥ ላይ ነው፡፡

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ በካንሰሩ ጥናት ላይ የደረሰው ነው፡፡

በመጋቢት 2020 ኔቸር በተባለው የታወቀ መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ፡፡ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የሚመራው ቡድን ከ33 የካንሰር ዓይነቶች የተወሰዱ ከ18 ሺህ በላይ ናሙናዎችን የዘረመል ንባብ አገላብጦ፣ በእያንዳንዱ ካንሰር ውስጥ ለይቶ የሚያሳውቅ የተህዋስያን አሻራ አለ አለ፡፡ ማሽኑ ያንን አሻራ አይቶ የካንሰሩን ዓይነት በሚያስገርም ትክክለኛነት ይለያል ተባለ፡፡ ከደም ጠብታ ካንሰርን ቀድሞ የማወቅ ተስፋ ተነገረ፤ ይህንኑ ለገበያ የሚያቀርብ ኩባንያም ተቋቋመ፡፡ ሌሎች ተመራማሪዎች ውሂቡን እየወሰዱ የራሳቸውን ጥናት ሠሩበት፡፡

ከሦስት ዓመት በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ስቲቨን ሳልዝበርግ እና ባልደረቦቻቸው መዝገቡን ከፍተው ማስረጃውን አንድ በአንድ አዩት፡፡ ሁለት ነገር አገኙ፡፡ የመጀመሪያው፣ ባክቴሪያ ተብለው ከተቆጠሩት የዘረመል ቁርጥራጮች እጅግ የሚበዙት የሰው ነበሩ፡፡ የባክቴሪያ ተብለው በመረጃ ቋት ውስጥ ከተቀመጡት ዘረመሎች አንዳንዶቹ ሲዘጋጁ የሰው ዘረመል ተቀላቅሎባቸዋል፤ ማሽኑ የታካሚውን የራሱን ዘረመል እያየ "ባክቴሪያ አገኘሁ" ይል ነበር፡፡

ሁለተኛው ይብሳል፡፡ ከተለያዩ ሆስፒታሎች የመጡ ናሙናዎችን ለማመሳሰል ቁጥሮቹ በስሌት ተስተካክለው ነበር፡፡ በዚያ ማስተካከያ ውስጥ የካንሰሩ ዓይነት ሳይታወቅ ቁጥሮቹ ላይ ምልክት ጥሎ አለፈ፡፡ ሽሪምፕን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ አለ፡፡ በጥሬው መረጃ ላይ በናሙናዎቹ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ቁጥሩ ዜሮ ነው፡፡ ከማስተካከያው በኋላ ግን በኩላሊት አናት ላይ ባለችው እጢ ካንሰር ናሙናዎች ላይ ያ ዜሮ ከሌሎቹ ካንሰሮች ዜሮ የተለየ ቁጥር ሆኖ ወጣ፡፡ ማሽኑም የዚያን ካንሰር ዋነኛ መለያ ይህ የሽሪምፕ ቫይረስ ነው ብሎ ደመደመ፡፡ በሌለ ተህዋስ!

በወንጀል ምርመራ ተጠርጣሪውን ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰልፎ ምስክር እንዲለየው ማድረግ የታወቀ ነው፡፡ ተጠርጣሪውን ብቻ ቀይ ኮፍያ አልብሶ ማሰለፍ ግን ምስክሩ ከመቶ መቶ ቢያገኝም ዋጋ የለውም፡፡ እዚህ የሆነው ይኸው ነው፡፡ ማሽኑ አልሰነፈም፤ እንዲያውም ሲበዛ ጎበዝ ስለሆነ ኮፍያውን አየ፡፡ የጥናቱ ባለቤቶች "መደምደሚያችን በሌላ ስሌትም ይጸናል" ብለው ተከራክረዋል፡፡ መጽሔቱ ግን በሰኔ 2024 ጽሑፉን ሻረው፡፡ እስከዚያ ድረስ አራት ዓመት አልፏል፤ በእሱ ላይ የቆሙት ሌሎች ጽሑፎች ደግሞ የየራሳቸውን ፍርድ ይጠብቃሉ፡፡

የኮፍያው ነገር ሁልጊዜ በስህተት ብቻ አይመጣም፡፡ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አንጀት ከጤነኞች አንጀት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ልዩነት አግኝተው ነበር፡፡ በ2015 በ784 ሰዎች መረጃ ላይ የተሠራ ምርመራ ታካሚዎቹ ሜትፎርሚን የሚወስዱ መሆናቸውን ለይቶ ሲያይ፣ የልዩነቱ ጉልህ ክፍል የበሽታው ሳይሆን የመድኃኒቱ ሆኖ ተገኘ፡፡ ሜትፎርሚን እኛም ቤት በየጓዳው ያለ ኪኒን ነው፡፡ መድኃኒቱ ያመጣውን ለውጥ የበሽታ ምልክት ያደረገ ማሽን፣ ገና ሐኪም ቤት ሄዶ መድኃኒት ያልጀመረውን ሰው (ማለትም ምርመራው የሚያስፈልገውን ሰው) እንዴት ያገኘዋል?

ወደ እኛ ልምጣ፡፡ በ2018 የቻይና ተመራማሪዎች በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ከ14 ወረዳዎች 7,009 ሰዎችን መርምረው ነበር፡፡ በአንድ ወረዳ ሰዎች ላይ የሠለጠነው የበሽታ መለያ ሞዴል እዚያው ሲሞከር ደህና ነው፤ ወደ ሌላው ወረዳ ሲወሰድ ግን ይከሽፋል፡፡ አስቡት፤ አንድ ክፍለ ሀገር፣ አንድ ሕዝብ፣ በአብዛኛው ተቀራራቢ ምግብ፡፡ ከዚህ በኋላ በቦስተን ሰዎች ላይ የሠለጠነ ሞዴል ደብረ ብርሃን ላለ ገበሬ ወይም ጅግጅጋ ላለ የግመል ወተት ጠጪ ይሠራል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክሙ በእሱ ላይ ነው እላለሁ፡፡

የዓለምን መረጃ ማን እንደያዘውም ይታወቃል፡፡ በ2022 የታተመ አንድ ቆጠራ እንዳሳየው የመጡበት አገር ከታወቀ የሰው ተህዋስያን ናሙናዎች ውስጥ ከመቶ 71 በላይ የሚሆኑት ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ናቸው፡፡ አሜሪካ ብቻዋን 46.8 ከመቶ ትይዛለች፤ ሕዝቧ ግን የዓለም 4.3 ከመቶ ነው፡፡ በጤፍ እንጀራ፣ በሽሮ፣ በጾምና በፍስክ የሚፈራረቅ አንጀት በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፡፡ በ2025 መጀመሪያ በቡርኪና ፋሶ፣ በጋና፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ 1,801 ሴቶችን ያካተተ ትልቅ ጥናት በመውጣቱ አፍሪካ ትንሽ ተንፍሳለች፡፡ ኢትዮጵያ ከአራቱ ውስጥ የለችም፡፡

ጉዳዩ በውጭ ያሉ ወገኖቻችንንም ይነካል፡፡ በ2018 በአሜሪካ ሚኒሶታ የተሠራ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ የህሞንግና የካረን ስደተኞችን ተከታትሎ፣ አሜሪካ በገቡ በወራት ውስጥ የአንጀታቸው ተህዋስያን ዓይነት መመናመን እንደሚጀምርና አሜሪካ በቆዩ መጠን፣ በልጆቻቸውም ላይ፣ እየባሰ እንደሚሄድ አሳይቷል፡፡ የእኛ ሰዎች በዚያ ጥናት የሉም፡፡ ሆኖም ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ላይ የስኳር በሽታ ከስደት በኋላ መጨመሩን የአገሪቱ ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲጽፉ ኖረዋል፡፡ በዚህ ለውጥ ውስጥ የአንጀት ተህዋስያን ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ለእኛ ከማንም በላይ የእኛ ጥያቄ ነው፡፡

ይህን ሁሉ ስል ነገሩ ከንቱ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፡፡ በ2019 የትልቁን አንጀት ካንሰር በተመለከተ ሁለት ቡድኖች ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከሰሜን አሜሪካ የተሰበሰቡ ጥናቶችን ደምረው፣ ሞዴሉን በአንዱ አገር አሠልጥነው በሌላው አገር ፈትነውታል፡፡ ውጤቱ ጸንቷል፤ ፉሶባክቴሪየም የተባለው የአፍ ውስጥ ባክቴሪያም በየአገሩ በታካሚዎቹ ዘንድ ተገኝቷል፡፡ በ2015 ደግሞ የዋይዝማን ተቋም 800 ሰዎችን ተከታትሎ፣ አንድ ዓይነት ዳቦ የበሉ ሁለት ሰዎች የደም ስኳራቸው ለየቅል እንደሚወጣ፣ ይህንንም ከተህዋስያናቸውና ከሌላ መረጃቸው በመነሳት ማሽን አስቀድሞ ሊናገር እንደሚችል አሳይቷል፤ ግምቱንም በሌሎች 100 ሰዎች ላይ ፈትኖታል፡፡ ልዩነቱ ግልጽ ነው፡፡ እነዚህ ምስክራቸውን ለመስቀለኛ ጥያቄ አቀረቡ፡፡

ስለዚህ እንዲህ ያለ ምርመራ ነገ በአንድ የግል ላቦራቶሪ በኩል አዲስ አበባ ሲገባ (መግባቱ አይቀርም)፣ ፈቃድ ሰጪው አካል ስለ ማሽኑ ርቀት ከመደነቅ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃኛል፡፡ በእነማን ላይ ሠለጠነ? ሲሠለጥን ባላያቸው ሰዎች ላይ፣ በተለይም በኢትዮጵያውያን ላይ፣ ተፈትኗል ወይ? ተሳስቶ ሰው ያላስፈላጊ መድኃኒት ቢወስድ ወይም በሽታው ቢታለፍ ተጠያቂው ሐኪሙ ነው፣ ላቦራቶሪው ነው ወይስ ሞዴሉን የሸጠው? ሦስተኛውን ጥያቄ "ኮምፒዩተሩ ነው ያለው" በሚል መልስ ማለፍ አይቻልም፤ ኮምፒዩተር ፍርድ ቤት ቀርቦ ካሳ አይከፍልም፡፡

ናሙናውስ? በ2015 የወጣ ጥናት የአንጀት ተህዋስያን ስብስብ እንደ ጣት አሻራ ሆኖ ከአሥር ሰው ስምንቱን ያህል ከወራት በኋላም ለይቶ ማሳወቅ እንደሚችል አሳይቷል፡፡ ስም ተፋቀ ማለት ማንነት ተፋቀ ማለት አይደለም፡፡ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል፡፡ ነገር ግን በእቃ ውስጥ ታሽጎ ወደ ውጭ የሚላከው ሰገራ መቼ "ዳታ" ሆኖ በአዋጁ ሥር እንደሚገባ እስኪታይ ድረስ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልወድም፡፡ በጤፍ ላይ የደረሰብንን አልረሳሁም፡፡ በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ ፓተንት ያዘ፤ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ በኔዘርላንድ ውድቅ የሆነው በ2018 ነው፡፡ ያን ጊዜ የሄደው እህሉ ነበር፡፡

ጓደኛዬ ሐኪም በመጨረሻ የሰገራ ምርመራ አሠራልኝ፤ ውጤቱ ነጌቲቭ ሆነ፡፡ ደስ ብሎኝ ስነግረው ሳቀ፡፡ ኪኒኑን ቀድሜ ስለጨረስኩ መድኃኒቱ ገድሎት ይሁን ወይም ከመጀመሪያውም ያልነበረ፣ አሁን ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም፡፡ "ፖዘቲቭ" የሚለው የመጀመሪያው ወረቀት ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ የክሊኒኩ ማኅተም ደምቆ ይታያል፡፡